ከማልሞ እስከ ኦስሎ፣ የወንጀል ልብ ወለዶቹን ተከትዬ

ማክሰኞ፣ ከኮፐንሃገን ወደ ማልሞ

ባቡሩ የካስትሩፕን አውሮፕላን ማረፊያ እንዳለፈ ከባሕሩ ሥር ይገባል። ከዋሻው የሚወጣው ሰው በሠራት ደሴት ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ 8 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የኦረሱንድ ድልድይ ይጀምራል። ወሩ ኖቬምበር ስለሆነ ገና በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብርሃኑ መድከም ጀምሯል። ባሕሩም ሰማዩም ግራጫ ነው። ራቅ ብለው የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ነጭ ክንፎቻቸውን ያዞራሉ።

ድልድዩን ሳልሻገረው በፊት አውቀዋለሁ። ስዊድንና ዴንማርክ በጋራ ሠርተው በ2011 ማሳየት የጀመሩት ድራማ የሚከፈተው እዚህ ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የድልድዩ መብራት ድንገት ይጠፋል፤ ሲመለስ ልክ በድንበሩ መስመር ላይ አስከሬን ተጋድሟል። ግማሹ ስዊድን፣ ግማሹ ዴንማርክ። ሊያነሱት ሲሉ የአንድ ሰው አለመሆኑ ይታወቃል። ከወገብ በላይ ያለው የታወቀች የስዊድን ፖለቲከኛ ነው። ከወገብ በታች ያለው ደግሞ ከዓመት በፊት ጠፍታ ፖሊስ አጥብቆ ያልፈለጋት የዴንማርክ ሴተኛ አዳሪ ነው። ድራማውን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ከአሰቃቂነቱ ይልቅ ይህ ነው ያልለቀቀኝ። ለአንዷ ሁለት መንግሥት ሲነቃነቅ ለሌላዋ ዓመት ሙሉ ፋይል ገላጭ አልነበረም።

የምኖረው ጀርመን ነው። የብርዱ ወራት ሲገቡ ከሥራ መልስ የማነበው በአብዛኛው የስካንዲኔቪያ የወንጀል ልብ ወለድ ነው። ወንድሜ “ይህን ሁሉ ግድያ እያነበብሽ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?” ይለኛል። ይወስደኛል፤ ደህና አድርጎ። ግን ጥያቄው ተገቢ ነው። እነዚህ አገሮች በሰላማቸው፣ በሥርዓታቸውና ለዜጋቸው በሚያደርጉት እንክብካቤ የተመሰገኑ ናቸው። ስዊድን ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዛ በ2024 በሰው እጅ የሞተባት 92 ሰው ነው። ደራሲዎቿ ስለ ግድያ ይህን ያህል መጻፋቸው፣ እኛስ ከሌላ አገር ሆነን ይህን ያህል መናፈቃችን ለምንድን ነው? ታሪኮቹ የተተከሉባቸውን ቦታዎች በእግሬ ረግጬ ላያቸው ፈለግሁ።

ማልሞ ስደርስ ዝናብ ነበር። ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሳቮይ ሆቴል አለ። ማይ ሼቫልና ፔር ቫሉ በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ቱጃር በዚህ ሆቴል ምግብ ቤት፣ በእራት ላይ ንግግር እያደረገ ሳለ በጥይት ይመታል። መጽሐፉ እየገፋ ሲሄድ አንባቢ ከሟቹ ይልቅ ለገዳዩ ያዝናል። በመስኮቱ አሻግሬ ጥቂት አየሁና ዝናቡ ሲበረታ ወደ ማደሪያዬ ሄድኩ። ስለ ሁለቱ ደራሲዎች ሐሙስ እመለስበታለሁ፤ ሥራቸው የተወለደበትን ቦታ ገና አላየሁም።

ረቡዕ፣ ኢስታድ

ከማልሞ እስከ ኢስታድ በባቡር ሃምሳ ደቂቃ ያህል ነው። መንገዱ ሁሉ የታረሰ ጥቁር መሬት ነው፤ እዚህም እዚያም ብቻቸውን የቆሙ የገበሬ ቤቶች፣ ጫፋቸው እንደ ደረጃ የተከረከመ ነጫጭ ቤተ ክርስቲያኖች። ኢስታድ ሃያ ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት የወደብ ከተማ ናት። መርከቦች ወደ ፖላንድና ወደ ቦርንሆልም ደሴት ይሄዱባታል። ድንጋይ በተነጠፈው ጎዳና ግራና ቀኝ ቢጫ፣ ሮዝና ሰማያዊ የተቀቡ ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች አሉ። በጧቱ የዳቦ ሽታ ነበር። እዚህች ከተማ ውስጥ ነው ስዊድናዊው ደራሲ ሄኒንግ ማንኬል መርማሪ ኩርት ቫላንደርን ያኖረው፤ ከከተማው ትንሽነት ጋር የማይመጣጠን የግድያ ዓይነትም የተጫነባት እዚህ ነው።

ማሪያጋታን የሚባለው የቫላንደር መንገድ ረጅም አይደለም። ቁጥር 10 ተራ አፓርታማ ነው፤ ሰው ይኖርበታል፤ ብስክሌት ተደግፎበታል፤ በአንዱ መስኮት ላይ አበባ ተቀምጧል። ቫላንደር ሚስቱ ጥላው የሄደች፣ ስኳር በሽታ የያዘው፣ ማታ ማታ ብቻውን ኦፔራ የሚያዳምጥ ሰው ነው። አባቱ ዕድሜ ልኩን አንድ ዓይነት ሥዕል የሚደጋግም ሽማግሌ ነው። ልጁ ፖሊስ ለመሆን የወሰነ ቀን የተቀየመው ቅያሜ እስኪሞት አልለቀቀውም። አባትና ልጅ ተኮራርፈው ቡና የሚጠጡባቸውን ገጾች ከማሳደዱና ከተኩሱ አብልጬ እወዳቸዋለሁ።

ማንኬል የሞዛምቢክ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ከ1986 ጀምሮ በማፑቶ የአቬኒዳ ቴአትር ቤት ሲሠራ ዓመቱን ለሁለቱ አገሮች ከፍሎ ኖሯል። ከአፍሪካ ሲመለስ በአገሩ ሰው አፍ ላይ በስደተኛ ላይ የተሳለ ቃል ሰማ። የፖሊስ ልብ ወለድ የጀመረው ስለዚህ ለመጻፍ ነው፤ የመርማሪውን የአባት ስም ከስልክ ማውጫ አወጣ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1991 ታተመ።

ታሪኩ ይህ ነው። በጃንዋሪ 1990፣ ከኢስታድ ወጣ ባለች የገጠር መንደር ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ሌሊት ይጠቃሉ። ባልየው እዚያው ይሞታል። ሚስት አንገቷ ላይ ገመድ እንደታሰረ ትገኝና ሆስፒታል ውስጥ ከመሞቷ በፊት አንድ ቃል ብቻ ትተነፍሳለች፦ “የውጭ አገር”። ቃሏ ሾልኮ ለጋዜጠኞች ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚነደው የስደተኞች ሠፈር ነው፤ ምንም የማያውቅ አንድ ሶማሌያዊ በመንገድ ላይ ተተኩሶበት ይሞታል። ቫላንደር አሁን ሁለት ዓይነት ገዳይ ይፈልጋል፤ ለሁለቱም እኩል መድከም አለበት። አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ስለ አዛውንቶቹ እያዘነ የሶማሌያዊውን ጉዳይ አለቆቹ ይረሱት ይሆን ብሎ ይሰጋል። እኔ በአፍሪካ ቀንድ የተወለድኩ ሰው ነኝና ስጋቱ እጥፍ ነበር።

በዚያው መጽሐፉ በታተመበት ዓመት፣ በኦገስት 1991፣ በስቶክሆልም አንድ ሰው መልካቸው የስዊድናዊ ያልመሰለውን ሰዎች እያደባ መተኮስ ጀመረ። የሌዘር ጨረር ባለው ጠመንጃ ስለጀመረ “ሌዘር ሰው” ተባለ። እስከ ጃንዋሪ 1992 ድረስ አሥራ አንድ ሰው መታ፤ ከኢራን የመጣ አንድ ተማሪ ሞተ። መጀመሪያ የተተኮሰበት ወጣት ኤርትራዊ ነበር፤ በሕይወት ተርፏል። ማንኬል የጻፈው ነገር በዙሪያው ይተነፍስ የነበረ ነገር ነው።

ከሁሉም አንድ ነገር አንስቼ ልለፍ። አዛውንቶቹ በተገደሉበት ሌሊት ጋጣ ውስጥ ያለችው ፈረስ ድርቆሽ ተሰጥቷታል። ገዳይ ሰው እንዲህ አሠቃይቶ ሲወጣ ፈረስ ለምን ያበላል? ቫላንደር ይህ ጥያቄ ለወራት አይለቀውም። ዛሬ በባቡሩ መስኮት ያየኋቸው ብቸኛ የገበሬ ቤቶች ሁሉ ጋጣ አላቸው፤ ዓይኔ ከጋጣዎቹ ላይ አልነቀል ብሎ ነበር።

ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆምኩ። ኢስታድ እስከ ዛሬ የማማ ጠባቂ አላት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ በየሩብ ሰዓቱ ወደ አራቱም አቅጣጫ ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ከተማው ሰላም ነው፣ የተነሳ እሳት የለም ማለቱ ነው። ልማዱ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ነው። ድምፁ ወፍራምና አጭር ነው፤ መጀመሪያ ከወደ ባሕሩ፣ ከዚያ ከወደ ገበያው ሰማሁት። አጠገቤ ውሻ ይዛ የምታልፍ ሴት ቀና ብላ እንኳ አላየችም። ይህች ሴት በየሩብ ሰዓቱ “ሰላም ነው” ሲባል እየሰማች ትተኛለች። ከእንዲህ ያለ እርግጠኝነት መካከል ነው የቫላንደር አስከሬኖች የሚነሱት። ሰላም የራቀው ሰው የሰላሙን መናጋት ለመዝናኛ ይጽፈው አይመስለኝም፤ እነዚህ ሊጽፉት የቻሉት መለከቱ ስላለ ነው።

ሐሙስ፣ ሞታላ

በሊንሾፒንግ ባቡር ቀይሬ ሞታላ ስደርስ እኩለ ቀን ነበር። ብዙ ቱሪስት አይመጣባትም። እኔን ያመጣኝ የዮታ ቦይ ነው። 58 ሺህ የሚሆኑ ወታደሮች በየተራ በአካፋና በዶማ የቆፈሩት፣ በ1832 የተጠናቀቀ፣ 190 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 58 የውሃ በሮች ያሉት የውሃ መንገድ ነው። ሥራውን የመራው ባልትዛር ፎን ፕላተን ሳያልቅ ሞቶ እዚሁ ሞታላ፣ ቦዩ ዳር ተቀበረ። ከመቃብሩ ተነስቼ በቦዩ ጠርዝ ወደ ቦረንስሁልት በእግሬ ሄድኩ። የበርች ዛፎቹ ቅጠላቸውን ጨርሰዋል። ወቅቱ ካለፈ ጀልባ የለም፤ አንድ ሽማግሌ በብስክሌት አልፎኝ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ቦረንስሁልት አምስት የውሃ በሮች ተከታትለው ወደ ቦረን ሐይቅ የሚወርዱበት ቦታ ነው። ከላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ጥቁሩ የእንጨት በር፣ አረንጓዴ የያዘው ድንጋይ፣ በበሩ ስንጥቅ የሚሾልከው ቀጭን ውሃ። ግድግዳው ላይ ውሃው ሞልቶ የሚደርስበት ከፍታ በጥቁር መስመር ይታወቃል፤ አሁን ከዚያ በብዙ ዝቅ ብሏል፤ ሥሩ የተኛ ጭቃ ይታያል። ማይ ሼቫልና ፔር ቫሉ በ1965 ባሳተሙት የመጀመሪያ መጽሐፋቸው የጭቃ ማውጫ ማሽን በጁላይ፣ ከሰዓት በኋላ የአንዲት ሴት አስከሬን የሚያወጣው ከዚህ ነው። ልብስ የለ፣ መታወቂያ የለ፣ የጠፋችብኝ የሚል ሰው የለ።

ሁለቱ በፍቅር የተጣመሩ ጋዜጠኞች ነበሩ። በዚህ ቦይ በመንገደኛ ጀልባ ሲጓዙ ብቻዋን ቆማ የምትውል አሜሪካዊት አይተው፣ መጽሐፋችንን እሷን በመግደል ብንጀምርስ እንደተባባሉ ሼቫል ከዓመታት በኋላ ተናግራለች። ልጆቻቸውን አስተኝተው ሌሊት ምዕራፍ ምዕራፍ እየተከፋፈሉ ይጽፉ ነበር። እቅዳቸው ከመጀመሪያው ተቆርጧል፦ አሥር መጽሐፍ፣ እያንዳንዱ ሠላሳ ምዕራፍ፣ ሁሉም “ስለ አንድ ወንጀል” የሚል ንዑስ ርእስ ያለው። በ1975 አሥረኛው ወጣ፤ ቫሉ በዚያው ዓመት ሞተ። ሼቫል እስከ 2020 ቆይታለች። ግራ ዘመም ነበሩ፤ አገራቸው ራሷን በምታመሰግንበት ዘመን የተረሳውንና የተበደለውን ለማሳየት የመረጡት መሣሪያ በባቡር ጣቢያ የሚሸጥ የፖሊስ ታሪክ ነው። ዛሬ በዓለም የሚነበበው የስካንዲኔቪያ የወንጀል ልብ ወለድ ሁሉ የእነሱ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኔ ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውን የስለላ ታሪኮች ከታላላቆቼ እጅ እየነጠቅሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። እዚያ ጀግናው ፈጣን ነው፤ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። መርማሪ ማርቲን ቤክ ግን ጉንፋን የማይለቀው፣ ሆዱን የሚያመው፣ ትዳሩ የቀዘቀዘበት ሰው ነው። የሟቿን ስም ለማወቅ ብቻ ሦስት ወር ይፈጅበታል። ደብዳቤ ይጽፋል፤ መልስ ይጠብቃል። ሴትዮዋ ከኔብራስካ የመጣች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መሆኗ ይታወቃል። ከዚያ በጀልባው የተሳፈሩትን መንገደኞች ከየአገራቸው ፈልጎ ያነሱትን ፎቶግራፍና ፊልም ያሰባስባል። ሰዎች ለማስታወሻ ባነሱት ሥዕል ጥግ ላይ እሷ ትታያለች፤ ፀሐይ ስትሞቅ፣ የጀልባውን አጥር ተደግፋ ስትቆም። ለጥቂት ሰከንድ ትንቀሳቀሳለች። የፖሊሶቹ ክፍል ጸጥ ይላል። ይህን ገጽ በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ በአስከሬንነት ብቻ የምናውቃት ሴት በሕይወት ስትራመድ ያየንበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው።

እነዚህ መጻሕፍት ለምን እንደሚይዙኝ ያወቅሁት እዚህ የውሃ በር ላይ ቆሜ ነው ብል አልዋሸሁም። ጨለማው፣ በረዶው፣ የገዳዩ ክፋት ሁሉ ከሌላ አገር መጻሕፍትም ይገኛል። እዚህ ያለው ግን ማንም የማያውቃት እንግዳ ሴት ስለሞተች የአንድ አገር ቢሮ ከስድስት ወር በላይ ፋይሏን ሳይዘጋ መቆየቱ ነው። የሞታላው ፖሊስ አልበርግ የሚባለው ገጸ ባሕርይ አለቆቹ ሲሰለቹ እሱ አይሰለችም። በጨለማው ውስጥ የምወደው ይህን ነው፦ ማንም ቢሆን ሳይጠየቅለት አይቀርም የሚለውን ግትርነት።

ዓርብ፣ ስቶክሆልም

እውነተኛው አገር ግን እንደ ልብ ወለዱ ፋይሉን በእርካታ አልዘጋም። ለዚህ ስቬያቬገን ጎዳና ላይ መቆም ይበቃል።

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1986፣ ዓርብ ምሽት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኦሎፍ ፓልመ ጠባቂዎቹን አሰናብቶ ከባለቤቱ ጋር ግራንድ ሲኒማ ገባ። ፊልሙ ሲያልቅ በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ። ከአምስት ሰዓት ከሃያ ጥቂት ሲያልፍ የቱነልጋታን ማእዘን ላይ አንድ ሰው ከኋላቸው መጥቶ ተኮሰ። ገዳዩ በቱነልጋታን ሮጦ በ89 ደረጃዎች ወጥቶ ተሰወረ።

ከሲኒማው እስከ ማእዘኑ ተራመድኩት፤ ጥቂት ደቂቃ ነው። ግራንድ ዛሬም ፊልም ያሳያል። በእግረኛ መንገዱ ላይ ከድንጋዩ እኩል የተነጠፈ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ፤ የስዊድን ጠቅላይ ሚኒስትር በዚህ ቦታ መገደሉን ከቀኑ ጋር ይናገራል። ሰው ከሥራ እየወጣ ስለነበር መንገዱ ሞልቷል። አንዳንዱ ሰሌዳውን ሳያይ ይረግጠዋል፤ አንዲት ልጅ ግን አካሄዷን አስተካክላ ዞረችው። ከዚያ ደረጃዎቹን ወጣሁ። ሰፊ ናቸው፤ ጎናቸው ላይ የብረት መደገፊያ አለ። አንድ ጎልማሳ ሰው ሳይታይ ሮጦ ሊወጣቸው ይችላል ብሎ ማመን ይከብዳል፤ እሱ ግን ወጣቸው።

የምርመራው ታሪክ ደራሲ ቢጽፈው ተጋነነ የሚባል ነው። ፖሊስ የከለለው ቦታ እጅግ ጠባብ ነበር፤ ሁለቱን ጥይቶች አንስተው ያስረከቡት መንገደኞች ናቸው። ሽጉጡ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከመቶ በላይ ሰዎች “እኔ ነኝ የገደልኩት” ብለዋል። በ1989 አንድ ሰው ተፈረደበትና በዚያው ዓመት በይግባኝ ነፃ ወጣ። በጁን 2020 ዐቃቤ ሕጉ፣ በ2000 የሞተ አንድ ሰው ላይ ጣቱን ጠቁሞ መዝገቡን ዘጋ። ሟች አይከሰስምና ነገሩ ችሎት አልቀረበም። ሠላሳ አራት ዓመት ተጠብቆ የተገኘው መልስ ይህ ነው።

ከዚህ ምሽት በኋላ የተጻፈውን የስዊድን የወንጀል ልብ ወለድ ሁሉ ይህን ማእዘን ሳያስቡ ማንበብ አይቻልም ብዬ አምናለሁ። አንድ ትውልድ ሙሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በመንገድ ላይ ተገድሎ “ማን?” ለሚለው መልስ ሳይሰማ አድጓል። የልብ ወለድ መርማሪዎች በመጨረሻው ገጽ ገዳዩን ሲያገኙ ያ ትውልድ ምን ያህል እንደሚያርፍ ይገባኛል።

መቃብሩ ሩቅ አይደለም፤ በአዶልፍ ፍሬድሪክ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ፊርማው ተቀርጾበታል። የተቀመጡት ጽጌረዳዎች ትኩስ ነበሩ።

ቅዳሜ፣ ሶደርማልምና ሪንከቢ

ያረፍኩት የአክስቴ ልጅ ጋ ነው። እትዬ ነው የምላት፤ ከእኔ በብዙ ትበልጣለች፤ ስዊድን ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ሥራዋ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ መንከባከብ ነው። ዛሬ ዕረፍቷ ስለሆነ አብረን ሶደርማልም ወጣን።

የስቲግ ላርሶን ሦስት መጻሕፍት የተተከሉበት ሠፈር ነው። ጋዜጠኛው ብሎምክቪስት የሚኖርበት ቤልማንስጋታን ቁጥር 1፣ መጽሔቱ ያለበት ዮትጋታን፣ ሌላዋ ዋና ገጸ ባሕርይ ሊስቤት ሳላንደር ገንዘብ ስታገኝ የገዛችው ቤት ያለበት ፊስካርጋታን ቁጥር 9፤ ሁሉም እውነተኛ አድራሻዎች ናቸው። ላርሶን ራሱ ኤክስፖ በሚባለው መጽሔት ነጭ ዘረኞችን ሲያጋልጥ የኖረ፣ ዛቻ የማይለየው ሰው ነበር። ፓልመ በተገደለ ጊዜ በዜና ድርጅት ውስጥ ካርታና ሥዕላዊ መረጃ ያዘጋጅ ነበር። በኖቬምበር 2004 የቢሮውን ደረጃ ወጥቶ ልቡ ተመታ፤ 50 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው በተከታዩ ዓመት ነው፤ ዝናውን አላየውም። ለ32 ዓመት አብራው የኖረችው ሴት በሕግ ስላልተጋቡ አልወረሰችውም።

በ1977 ደግሞ በሃያ ሁለትና ሦስት ዓመቱ ኤርትራ ገብቶ የሕዝባዊ ግንባር ሴት ታጋዮችን ሞርታር አተኳኮስ አስተምሯል። ይህን ለእትዬ ስነግራት ከሕንፃው ላይ ዓይኗን አንስታ እኔን አየችኝ።

“ስንት ዓመተ ምሕረት ነው በኛ?”

“69፣ 70።”

ታላቅ ወንድሟ በዚያው ጊዜ ከመንግሥት ጦር ጋር ኤርትራ ዘምቶ አልተመለሰም። የት እንደወደቀ የነገራቸው የለም። እናቷ እስኪሞቱ በር በተንኳኳ ቁጥር ይነሱ ነበር፤ ተዝካሩንም አናወጣም ብለው ኖሩ። ለደራሲው ክፉ አልተናገረችም። ዝም ብለን ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ “እነዚያ ሴቶችም እናት ነበራቸው” አለች።

ማታ ሪንከቢ ቤቷ ስንገባ ቡና አፈላች። የምትንከባከባቸው አንዲት የዘጠና ዓመት ሴት መደርደሪያቸው ሁሉ የወንጀል መጽሐፍ እንደሆነ፣ ማታ ማታ ድራማውን አብረው እንደሚያዩ አጫወተችኝ።

“ትወጂዋለሽ?” አልኳት።

“ሬሳውን ሳያገኙ አያርፉም። እሱን ነው የምወደው። ማን እንደሆነ አውቀው፣ ለቤተሰቡ በራቸው ድረስ ሄደው ይነግራሉ። ሁለት ሆነው፣ ቆመው።”

መጻሕፍቱን ለዓመታት ሳነብ ኖሬ መርዶ የሚነገርባቸውን ገጾች እንዲህ አላየኋቸውም ነበር። እውነት ነው፤ ፖሊሶቹ ይሄዳሉ፤ ደወል ይደውላሉ፤ ስም ይጠይቃሉ። የኛ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሥርዓት ያለው ሕዝብ ነው፤ በማለዳ፣ ሽማግሌ ይዞ። ያን ሥርዓት የተነፈገ ቤተሰብ በእነዚህ ገጾች የሚያገኘውን ነገር እትዬ ናት ያሳየችኝ።

ግን እሷ እዚህም ሌላ ጭንቀት አለባት። በሪንከቢና በመሳሰሉት ሠፈሮች ባለፉት ዓመታት ወጣቶች በወሮበላ ቡድኖች ፀብ በጥይት ሞተዋል፤ ከመካከላቸው የአፍሪካ ቀንድ ልጆች አሉ። እንዲህ ያለ ግድያ ብዙ ጊዜ ገዳዩ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ምስክር ይፈራል። የልጇ የትምህርት ቤት ጓደኛ ከሞቱት አንዱ ነው። “ጋዜጣው ዕድሜውን ብቻ ጻፈ፤ ወጣት ወንድ አለ” አለችኝ። ልጁ ፈገግታ ነበረው፤ ኳስ ይወድ ነበር፤ ዕቃ ያግዛት ነበር። ሼቫልና ቫሉ ዛሬ ቢኖሩ ሠላሳውን ምዕራፍ ለዚህ ልጅ ይሰጡት ነበር ብዬ አስባለሁ። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ስለ እብድ ገዳዮችና ስለ ተጌጡ አስከሬኖች ሲጽፉ ሳይ የሚከፋኝ ለዚህ ነው። ጭካኔውን ወስደው ፍለጋውን ትተውታል።

ሰኞ፣ ኦስሎ

ከስቶክሆልም በባቡር ብዙ ሰዓት ነው፤ ጫካና ሐይቅ ሲፈራረቁ ውዬ ኦስሎ ገባሁ። የኖርዌያዊው ደራሲ የዮ ኔስቦ መርማሪ፣ ሃሪ ሁሌ የሚባለው፣ የሚሠራበት ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ግሮንላንድ ከሚባለው ሠፈር በላይ፣ ከአሮጌው እስር ቤት አጠገብ ነው። ከሥሩ ያሉት መንገዶች የስደተኛ መንገዶች ናቸው፤ እንጀራም በርበሬም ይገኛል። ሃሪ የሚጠጣበት ሽሮደር የሚባለው ምግብ ቤት ከተማው ውስጥ በእውነት አለ። ኔስቦን ከመጀመሪያዎቹ መጻሕፍቱ ወዲህ ብዙ አልወደድኩትም፤ ደሙ በዛብኝ፤ ስለዚህ ሽሮደር ሾርባ በልቼ ወጣሁ።

የኖርዌይ ነገር ግን አንድ ደስ የሚል አለው። እዚህ የወንጀል ልብ ወለድ ወቅቱ ፋሲካ ነው። በ1923 የሆሳዕና ዋዜማ፣ አፍተንፖስተን የተባለው ጋዜጣ በፊት ገጹ “የበርገን ባቡር ሌሊት ተዘረፈ” የሚል ጽሑፍ ይዞ ወጣ። ሰው ደነገጠ፤ ነገሩ የመጽሐፍ ማስታወቂያ ነበር። መጽሐፉ ተሸጠ፤ ከዚያ ወዲህ ሰዉ ለፋሲካ ወደ ተራራ ቤቱ ሲሄድ ብርቱካኑንና የወንጀል መጽሐፉን ይዞ ሆኗል። ቴሌቪዥኑ ያሳያል፤ የወተት ካርቶን ላይ ሳይቀር አጫጭር የወንጀል እንቆቅልሽ ይታተማል። እኛ በሰሙነ ሕማማት ስንሰግድ እነሱ በበረዶ ውስጥ ገዳይ ይፈልጋሉ ማለት ነው። መጽሐፍ ቤት ውስጥ ያገኘኋት ሻጭ አያቷ ከመጨረሻው ገጽ በፊት ማንም ስም እንዳይጠራ ይከለክሉ እንደነበር ነገረችኝ፤ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ መጽሐፍ እየተቀባበለ ያነባል።

ለመጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ ከሼቫልና ቫሉ ጀምሩ፤ ከ1965ቱ ተነስታችሁ በቅደም ተከተል እስከ አሥረኛው ሂዱ። ሰዎቹ ያረጃሉ፣ ይፋታሉ፣ ከተማው ይለወጣል፤ ዘሎ ማንበብ ይጎዳል። ቀጥላችሁ የማንኬልን የመጀመሪያ ቅጽ። ላርሶንን የዚያን ጊዜ ብታነቡት ንዴቱ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። እኔ ከዚህ መጽሐፍ ቤት የአሥሩን ስድስተኛ ቅጽ፣ የሳቮይ ሆቴሉን፣ ገዝቻለሁ፤ የቀድሞውን ላዋስሁት ሰው መመለስ ከብዶታል። ነገ በኮፐንሃገን በኩል ስመለስ አነበዋለሁ።